የጓዳ ጥያቄዎች፦ ጥሬ ፓፓያ፣ ጠጅ ሳር እና የታይላንዶች ሙቀጫ

ባለፈው እትም፣ በአንድ የዓረብ አገር ሆቴል ወጥ ቤት ሰባት ዓመት አብራኝ ስለሠራች ታይላንዳዊት ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ያቺው ሁለት መስመር ናት ይህን ሁሉ ጥያቄ የጎተተችው። ስለ ጠላ ድፍድፍና ስለ አብሲት የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው ወር ታገሡኝ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ግቢያችን ውስጥ ሁለት የፓፓያ ዛፍ አለ። ታይላንዶች ፓፓያን ሳይበስል እንደ ሰላጣ ይበሉታል ሲባል ሰማሁ። ለእናቴ ብነግራት ‹ይህማ የከብት ቀለብ ነው› ብላ ሳቀችብኝ። እውነት ነው?» (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

እውነት ነው ወንድሜ፤ እናትህም አይፈረድባቸውም። እኛ አገር ጥሬ ፓፓያ ሲበላ ማን አይቶ ያውቃል? ምግቡ ሶም ታም ይባላል። «ሶም» ኮምጣጣ፣ «ታም» መውቀጥ ነው። በመላው ታይላንድ ይበላል፤ አገሩ ግን ከላኦስ ጋር የሚዋሰነው ሰሜን ምሥራቁ፣ ኢሳን የሚሉት ነው። ባልደረባዬም ከዚያው ከኡዶን ታኒ የመጣች ነበረች።

አሠራሯ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የተላጠውን ፓፓያ በግራ መዳፏ ታስተኛና ቁመቱን ተከትላ በትልቅ ቢላ ቶሎ ቶሎ ትከታትፈዋለች። ከዚያ ላይ ላዩን ስትልገው ቀጫጭን ክር እየሆነ ይወርዳል። እኔ እንደሷ እሆናለሁ ብዬ አውራ ጣቴን ቆርጫለሁ፤ አንተ በካሮት መፈቅፈቂያ ሥራው። ስትልጠው ነጭ ወተት ስለሚወጣው ደህና አድርገህ እጠበው። ነፍሰ ጡር እህት ካለችህ ደግሞ ይህ ምግብ ይቅርባት፤ ያልበሰለ ፓፓያ ለነፍሰ ጡር አይመከርም።

ሙቀጫቸው ጠለቅ ያለ ሸክላ፣ ዘነዘናው እንጨት ነው። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርትና ጥሬ ሚጥማጣ ይወቀጣል። ቀጥሎ ከዘንባባ የሚወጣ ስኳራቸው (እዚህ ቡናማ ስኳር ይተካዋል)፣ የተቆራረጠ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ የደረቀ ሽሪምፕ፣ ሎሚና የዓሣ ሶስ ይገባል፤ ፓፓያው መጨረሻ ላይ ነው። ጎጃሜ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ዘነዘና ሲጨብጥ በርበሬ የሚደልዝ ይመስለዋል። በቀኝ እጅ ዘነዘናው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ በግራ እጅ ማንኪያው ከሥር ከሥር ይገለብጣል። ፓፓያው እንዲለዝብ ነው እንጂ እንዲላቁጥ አይደለም። ጁስ መፍጫ ውስጥ ከከተትኸው እናትህ ያሉት ነገር ይደርሳል።

ዋናው ግን ቅምሻው ነው። እኛ ወጥ ሲወጣ አንዴ ጨው ቀምሰን እንከድናለን። እሷ ሦስት ጊዜ ወቅጣ አንድ ጊዜ ትቀምሳለች። ኮምጣጣው፣ ጨዋማው፣ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ሳይጯጯኹ እስኪገጥሙ ድረስ ሎሚ ጠብ ታደርጋለች፣ ስኳር ቆንጠር ታደርጋለች። «ስንት ማንኪያ ልበል?» ብዬ ወረቀት ይዤ ስጠይቃት «ምላስሽ የት ሄዶ?» አለችኝ። ስለዚህ ልክ ጽፌ አልሰጥህም።

ኢሳኖች ሶም ታምን ከተጣባቂ ሩዝ ጋር በእጃቸው ይበሉታል፤ ሩዙን በጣታቸው አድበልብለው ማባያው ላይ ነካ እያደረጉ። ይህንን ሳይ «እንግዲያማ ዘመድ ነን» ብዬ አንድ ትልቅ ጉርሻ ዘረጋሁላት። ደንግጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበችው።

«ልጄ ከውጭ መጥታ ፓድ ታይ የሚባል ነገር ሠርታ አበላችን። ቀላ ያለ፣ የሚጣፍጥ፣ የኬቻፕ ጣዕም ያለው ነው። እንደኛ ዶሮ ወጥ የሚኮሩበት የጥንት ምግባቸው ይህ ነው?» (እናት፣ ደብረ ማርቆስ)

እናት ዓለም፣ ለልጅዎ እንዳይነግሩብኝ እንጂ ኬቻፑ የእሷ ፈጠራ ነው። ፓድ ታይ የተጠበሰ የሩዝ ኑድል ነው፤ ኩምጠጣው የሚመጣው ከሮቃ ነው፤ ሁመር የሚሉትም አሉ። ሮቃው ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጠልሎ ከስኳርና ከዓሣ ሶስ ጋር ይዋሃዳል።

ይኮሩበታል፤ ጥንታዊነቱን ግን ተዉት። የሩዝ ኑድልን በመጥበሻ መጥበስ ከቻይናዎች የመጣ ነው። ፓድ ታይ በስሙ የገነነው በጠቅላይ ሚኒስትሩ በፊልድ ማርሻል ፊቡን ሶንግክራም ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ ነው። አገሪቱ ከሲያምነት ወደ ታይላንድነት የተሻገረችውም በእሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ነበር። መንግሥት ሕዝቡን በአንድ ስም ሲያሰባስብ አንድ ሳህን ኑድልም አብሮ ዜግነት አገኘ። በዚህ አይሳቁባቸው። በርበሬ ራሱ ለእነሱም ለእኛም ከአሜሪካ ምድር የመጣ እንግዳ ነው። ያለ ድልህ የኖረች ጎጃም ትታይዎታለች?

ልጅዎ ደግማ ከሠራች አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ኑድሉን እንደ ፓስታ አትቀቅለው። እኔ በመጀመሪያ ቀኔ የአምስት ሰው ኑድል የፈላ ውኃ ውስጥ ጨምሬ ገንፎ አወጣሁ፤ ቅቤና በርበሬ ብቻ ነበር የቀረው። በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፋ፣ ሲተጣጠፍ እንጂ ሳይበስል ታውጣው፤ መጥበሻው ላይ ሶሱን እየጠጣ ይበስላል። ደግሞም የአንድ ሰው፣ ቢበዛ የሁለት ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ። መጥበሻው ከሞላ አይጠበስም፣ ይታጠናል።

«የታይላንድ ወጥ በኮኮናት ወተት ይሠራል ይባላል። ባለቤቴ ‹ወተት የተባለ ነገር በጾም ቤቴ አይገባም› አለኝ። የጾም ነው የፍስክ?» (ፍኖተ ሰላም)

ባለቤትሽን የሱፍ ውኃ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቂው። ሱፍ ይወቀጣል፣ በውኃ ይታሻል፣ ይጠለላል፣ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። የኮኮናቱም እንዲሁ ነው፤ የፍሬው ነጭ ሥጋ ተፈቅፍቆ፣ በውኃ ታሽቶ ይጨመቃል። ላም አልነካውም።

ችግሩ ያለው ባለቤትሽ ባልጠረጠረው በኩል ነው። አረንጓዴውም ቀዩም ወጣቸው የሚጀምረው ከተወቀጠ ቅመም ነው፤ የእኛን የቃሪያ ዳጣ ገምቺ፣ ብቻ ጠጅ ሳር፣ የድንብላል ሥርና ካፒ የሚሉት በጨው የታመቀ የሽሪምፕ ድልህ የገባበት። ሽሪምፕ ክንፍና ቅርፊት የለውም፤ ይህ በእኛ ሥርዓት ምን ማለት እንደሆነ ለፍኖተ ሰላም ሰው አልነግርም። የዓሣ ሶሱም ከትንንሽ ዓሣና ከጨው ለወራት ታምቆ የሚወጣ ነው፤ ዓሣን በጾም የንስሐ አባትሽ እንዳሉሽ አድርጊ። ሁለቱን አውጥተሽ በጨውና በትንሽ ሶያ ሶስ ከሠራሽው የጾም ይሆናል። ጣዕሙ ይጎድላል፤ አልዋሽሽም።

እነሱም ጾም አላቸው። ኪን ጄ ይባላል፤ በቻይናውያን የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ ዘጠኝ ቀን ነው፤ ፑኬት ላይ በድምቀት ይከበራል። ሥጋና እንቁላሉ ብቻ ሳይሆን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይነካም። የእኛን የጾም ወጥ ያለ ሽንኩርት አስቢው እስቲ!

«ጣና ዳር ዓሣ ቤት አለኝ። ቶም ያም የሚባለውን ሾርባ በቆሮሶ ልሠራው አስቤ ነበር። ቅመሙን ከየት አገኛለሁ?» (ባሕር ዳር)

ግማሹን የረገጥኸው ይመስለኛል። ዋናው ሽታው ጠጅ ሳር ነው፤ ለቡና የምንጎዘጉዘው፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ያው ራሱ። ነጣ ያለውን የታችኛውን ግንድ በዘነዘና ቀጥቅጠህ ጨምር። ጋላንጋል የሚሉት የዝንጅብል ዘመድ እኛ ጋ የለም፤ ዝንጅብል በጥቂቱ አግባበት፣ ከበዛ ግን ሾርባው የጉንፋን ሻይ ይሆናል። የእነሱን ሎሚ ቅጠል የእኛ ሎሚ ቅጠል ሙሉ በሙሉ አይተካውም፤ ሁለት ሦስት ለጋ ቅጠል ግን አይጎዳም። ጥሬ ሚጥማጣ፣ ቲማቲም፣ ካገኘህ እንጉዳይ፣ ከዚያ ዓሣው። ቆሮሶ ቶሎ ስለሚፈራርስ መጨረሻ ላይ ጨምረው፤ አታማስል።

ስሙ የገነነው በሽሪምፕ የሚሠራው ቶም ያም ኩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በዓሣ ሲሠራ ቶም ያም ፕላ ይሉታል፤ ስለዚህ የአንተ ማጭበርበር አይደለም።

ሁለት ነገር ከእኔ ስህተት ተማር። አገሬ በገባሁ ሰሞን ለዘመዶቼ ስሠራ ሎሚውን አብሬ አፈላሁት፤ መረረ። ሎሚ የሚጨመቀው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ጠጅ ሳሩና ዝንጅብሉ ለሽታ እንጂ ለመበላት አለመሆኑን ሳልነግራቸው ቀረሁ። አጎቴ እንግዳ አክባሪ ናቸውና ያንን ግንድ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲያላምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ሥጋው አልበሰለም» አሉኝ። ለደንበኞችህ አስቀድመህ ንገር።

«ታይላንዶች በሁለት እንጨት ነው የሚበሉት?» (ዳንግላ)

በማንኪያ። ሹካው በግራ እጅ ሆኖ ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል። እንጨቱ ለኑድል ሾርባ ነው።

«በማንጎና በሩዝ የሚሠራ ጣፋጭ አላቸው አሉ። ማንጎው ከጓሯችን፣ ሩዙ ከማዶ ከፎገራ ይገኛል። ብሞክረው ይሆናል?» (መርዓዊ)

ማንጎው ይሆናል፣ ሩዙ አይሆንም። የእነሱ ሌላ ዘር ነው፤ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያድራል፣ በማግሥቱ ሳይቀቀል በእንፋሎት ይበስላል፣ ከዚያ ስኳርና ትንሽ ጨው የገባበት ትኩስ የኮኮናት ወተት ይፈስበታል። የፎገራውን ብታደርጊ አይጣበቅም፤ ጣፋጭ ሩዝ በማንኪያ ስትለቅሚ ትውያለሽ። ተጣባቂውን ሩዝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ አስፈልጊው፤ እስከዚያው ማንጎሽን ብቻውን ብዪ።