ቴስቱ አረንጓዴ፣ ክፍያው ሁለት ጊዜ

ጥያቄ፦ የመተግበሪያዬን የክፍያ ክፍል በኤአይ ኤጀንት (ራሱ ኮድ በሚጽፍ የኤአይ ፕሮግራም) አስጻፍኩ። ኮዱን የሚፈትሹት ቴስቶች ሁሉ ያልፋሉ። ግን አልፎ አልፎ ደንበኛ ለአንድ ትዕዛዝ ሁለት ጊዜ ይቆረጥበታል። «አስተካክለው» ባልኩት ቁጥር «ተስተካክሏል» ይለኛል። ከቀናት በኋላ ያው ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ «አስተካክለው» ማለቱን ተው። እስካሁን የቀያየረውን በጊት ዲፍ (የተቀየሩትን መስመሮች በሚያሳየው) ራስህ አንብበው። መቼም አንዱ ቦታ ላይ «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ሁለቴ እንዳይጫን አድርጎ ይሆናል። ሌላ ቦታ ደግሞ «ይህ ትዕዛዝ ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ዳታቤዙን የሚጠይቅ መስመር ጨምሮ ይሆናል። ሲያዩት ደህና ነው። ግን ሁለት ሪኩዌስት (የክፍያ ጥያቄ) በአንድ ጊዜ እኩል ቢደርሱ ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም «አልተከፈለም» ይባላሉ፣ ሁለቱም ይቆርጣሉ።

ይህን የሚያስቆመው ዳታቤዙ ነው። ለክፍያው መለያ ስጠው፣ መለያው ላይ ዩኒክ ኮንስትሬይንት (አንድ መለያ ሁለቴ እንዳይመዘገብ የሚከለክል ደንብ) አድርግ፣ ገንዘቡን የሚቆርጠውን ክፍያ አቅራቢ ከመጥራትህ በፊት መዝግበው። ሁለተኛው ሪኩዌስት እዚያው ይመለሳል። አቅራቢው አይደምፖተንሲ ኪ (ያው ጥያቄ ቢደገምም አንዴ ብቻ እንዲቆረጥ የሚያደርግ መለያ) የሚቀበል ከሆነ ያንኑ መለያ ላክለት። ሪትራይ የሚያደርገው (ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ የሚሞክረው) ሉፕ ውስጥ በየዙሩ አዲስ መለያ የሚፈጥር ኮድ ካየህ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን ኤጀንቱ ሊወስንልህ የማይችለው ነገር ይመጣል። አንድ ክፍያ ማለት ምንድን ነው? የትዕዛዙን ቁጥር መለያ ካደረግከው፣ ካርዱ ውድቅ የሆነበት ሰው በሌላ ካርድ መሞከር አይችልም። ቁልፉ በተጫነ ቁጥር አዲስ መለያ ከሰጠህ ደግሞ ችግሩ ተመልሶ መጣ። ታይምአውትስ? መልስ አልመጣም ማለት ገንዘቡ አልተቆረጠም ማለት አይደለም። እኔ ብሆን «በማጣራት ላይ» የሚል ሁኔታ እጨምርና አቅራቢውን ሳልጠይቅ ዳግም አልቆርጥም። ያንተ ሥራ ሌላ ሊፈልግ ይችላል። ብቻ ወስነህ ጻፈው፣ ከዚያ ለኤጀንቱ ስጠው።

ቴስቶቹንም የጻፋቸው እሱ ራሱ ነው አይደል? ሞኩ (በቴስት ውስጥ እውነተኛውን አቅራቢ የሚተካው አስመሳይ) ሁልጊዜ ወዲያው «እሺ» የሚል ከሆነ በምን ይውደቁ! ሁለት ቴስት በእጅህ ጻፍ። አንዱ በአንድ መለያ ሁለት ሪኩዌስት እኩል የሚልክ፣ ሌላው አቅራቢው ገንዘቡን ቆርጦ መልሱ መንገድ ላይ የሚጠፋበት። የመጀመሪያውን እውነተኛ ዳታቤዝ ላይ (ደንበኞችህ ያሉበት ሳይሆን ያው ዓይነት የሙከራ ዳታቤዝ) አስኪደው፣ ሞክ ላይ ምንም አይነግርህም። አሁን ባለው ኮድ ቀይ ሲሆኑ በዓይንህ እይ። ከዚያ በኋላ ነው «ቴስቱን ሳትነካ አሳልፈው» የምትለው። ዲፉን ግን አደራ፣ አንዳንዴ ቴስቱን ራሱን አለዝቦ አረንጓዴ ያደርግልሃል።

እስካሁን ሁለቴ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ከዳታቤዝህ አትፈልጋቸው፣ እዚያ አንድ ክፍያ ብቻ ሊታይህ ይችላል። ከአቅራቢው የክፍያ ሪፖርት ጋር አመሳክር፣ ገንዘባቸውንም ዛሬውኑ መልስ።