መልስ፦ ለእንግሊዝኛ ድርሰቴ ከ«ቬሪ ኮልድ» (በጣም ቀዝቃዛ) ሌላ ምን ልበል?

ወንድሜ፣ የኛ የጅማ የሐምሌ ጠዋት «ቺሊ» (ቀዝቀዝ ያለ) ቢባል ይበቃዋል። ጃኬት ደርበን ቡና ስንጠጣ ያልፋል፣ አታጋንነው። ታሪኩ ካናዳ ከሆነና ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ከገባ ግን «ቢተርሊ ኮልድ» ወይም «ፍሪጂድ» በል፣ ሁለቱም አጥንት ሰርስሮ የሚገባ ብርድ ናቸው። «ፍሪዚንግ» ራሱ በጣም ቀዝቃዛ ማለት ስለሆነ «ቬሪ ፍሪዚንግ» አይባልም፣ «አብሶሉትሊ ፍሪዚንግ» ነው የሚሉት።

ጨዋታው ያለው የብርድ ቃላቱ ለስሜት ሲውሉ ነው። በታሪክህ ልጅቷ ልጁን ገላምጣው ካለፈች «አይሲ ሉክ» (በረዶ የሆነ አስተያየት)፤ ሰላም ሲላት ፊት ከነሳችው ደግሞ «ኮልድ ሾልደር» ሰጠችው ትላለህ። እሷን ራሷን «ፍሪጂድ» እንዳትላት ብቻ! ለሴት ሲባል የወሲብ ስሜት የላትም የሚል ስድብ ነው። «ቺሊንግ ስቶሪ» ካልክም ክው የሚያደርግ ታሪክ ማለትህ ነው እንጂ የብርድ ወሬ አይደለም።