ከዕጩዎቹ በፊት ሕጉን አንብቡ

ልጆቼ፣

ምርጫ ሲቃረብ ጆሯችሁ የሚያዘነብለው ወደ ዕጩዎች ክርክር፣ ወደ ሰልፉ ብዛት፣ ማን ከማን ጋር ተጣመረ ወደሚለው ወሬ ነው። አልፈርድባችሁም፤ እሱም ይጠቅማል። ግን ድምጽን ወደ መቀመጫ የሚለውጠው ሕግ ከዚህ ሁሉ በላይ ውጤት ሲወስን የሚታይበት ጊዜ አለ። ሕጉ ደግሞ አደባባይ ወጥቶ አይፎክርም፤ አዋጅ ውስጥ፣ አንዳንዴም ማንም በማይገልጠው አባሪ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳይን እዩ። በ1986 የምክር ቤት ምርጫዋን በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም መቀመጫ በድምጽ ድርሻ ልክ በሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ አካሄደች፤ ብሔራዊ ግንባር የተባለው ፓርቲ ከ10 በመቶ ጥቂት ባነሰ ድምጽ 35 ወንበር አገኘ። ወዲያው አገሪቱ በየምርጫ ክልሉ አንድ ሰው ብቻ ወደሚመረጥበት ወደ ቀድሞው የሁለት ዙር ሥርዓት ተመለሰች። በ1988 ያው ፓርቲ ያንኑ የሚያህል ድምጽ አግኝቶ ምክር ቤት የገባለት አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በእጃችሁ ካላሰላችሁት አይዋሐዳችሁም። ወረቀት ያዙ። 6 መቀመጫና 100,000 ድምጽ አለ እንበል፤ ፓርቲ ሀ 53,000፣ ፓርቲ ለ 24,000፣ ፓርቲ ሐ 23,000 አገኙ። አካባቢው አንድ አንድ ተመራጭ በሚልኩ 6 የምርጫ ክልሎች ቢከፈልና ሀ በሁሉም ቢቀድም፣ 6ቱንም ይወስዳል። አሁን ስድስቱን መቀመጫ በአንድ የምርጫ ክልል አድርጉና ዶንት በሚባለው ቀመር አከፋፍሉ፦ የእያንዳንዱን ድምጽ ለ1፣ ለ2፣ ለ3፣ ለ4 እያካፈላችሁ ትልልቆቹን ስድስት ውጤቶች ትመርጣላችሁ። 53,000፣ 26,500፣ 24,000፣ 23,000፣ 17,667 እና 13,250 ይወጣሉ። ሀ 4፣ ለ 1፣ ሐ 1 ማለት ነው። ቀጥሎ ማካፈያውን 1፣ 3፣ 5፣ 7 አድርጉት፤ ይህ ሳንት ላግ የሚባለው ነው። ስድስተኛው ትልቅ ውጤት አሁን የፓርቲ ለ 8,000 ይሆናል፤ ሀ ወደ 3 ይወርዳል፣ ለ 2 ያገኛል፣ ሐ 1 ላይ ይቆያል።

ሀ ከግማሽ በላይ ድምጽ ይዞ እንደ ቀመሩ 6 ወይም 4 ወይም 3 መቀመጫ አገኘ። 3 መቀመጫ ብቻ ሲይዝ ብቻውን ሕግ ማጽደቅ አይችልም። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም ኮሮጆ ሳይገለበጥ ነው።

የፓርቲ ሐን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ቀመሩን ሳትነኩ፣ ዶንትን እንደያዛችሁ፣ አካባቢውን ሦስት ሦስት መቀመጫ ላላቸው 2 የምርጫ ክልሎች ክፈሉት፤ ድምጹም በሁለቱ እኩል ይከፈል። በእያንዳንዱ ፓርቲ ሀ 2፣ ፓርቲ ለ 1 ይወስዳሉ። ሐ 23,000 ድምጽ ይዞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ሕግ «ተመጣጣኝ ውክልና አስገብቻለሁ» ሲላችሁ ቶሎ አታጨብጭቡ፤ በአንድ የምርጫ ክልል ስንት መቀመጫ እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በእኔ ግምት ጋዜጠኛውም ፓርቲውም ሳያየው የሚያልፈው ትልቁ ቁጥር ይህ ነው።

ሌላው ፓርላማ ለመግባት የሚጠየቀው ዝቅተኛ ድምጽ፣ ወለሉ፣ ነው። ቱርክ 10 በመቶ ትጠይቅ ነበር። በ2002 ወለሉን ያለፉት ሁለት ፓርቲዎች ብቻ ስለነበሩ፣ 34 በመቶ ያህል ድምጽ ያገኘው ፓርቲ ከ550ው ወንበር 363ቱን ወሰደ፤ ከመራጩ ድምጽ 45 በመቶ ገደማው ምክር ቤት ላልገቡ ፓርቲዎች የተሰጠ ነበር። በ2022 ወለሉ ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

እንግዲህ ማሻሻያ ሲቀርብ የመጀመሪያው ሥራችሁ ያለፈውን ምርጫ ድምጽ ወስዶ በአዲሱ ሕግ እንደገና ማስላት ነው። ከሚጠቀሙት መካከል ረቂቁን ያመጣው ክፍል ካለ፣ ምክንያቱን አብራርቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ብቻ ስሌቱን እንደ ትንቢት አትያዙት። ሕግ ሲቀየር ፓርቲም መራጭም ጠባዩን ይቀይራል። በማላዊ በ2019ኙ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በሥልጣን ላይ የነበሩት ሙታሪካ በ38.57 በመቶ አሸናፊ ተብለው ነበር፤ ተፎካካሪዎቻቸው ቻክዌራ 35.41፣ ቺሊማ 20.24 በመቶ አገኙ። በ2020 ፍርድ ቤቱ ምርጫውን ሰረዘና አሸናፊው ከግማሽ በላይ ማግኘት አለበት ብሎ ወሰነ። ለየብቻ ሮጠው የነበሩት ሁለቱ ተጣመሩ፤ በድጋሚው ምርጫ ቻክዌራ ከ58 በመቶ በላይ አገኙ። ይህ የሁለቱ የቀድሞ ድምጽ ተደምሮ ከሚሰጠው ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የሌሶቶ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። በ1998 ገዢው ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምጽ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ወሰደ። አመጽ ተነሣ፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ጦር ገባ። በ2002 መፍትሔው ቅይጥ ሥርዓት ሆነ፦ 80 በምርጫ ክልል፣ 40 በማካካሻ፣ መራጩም ሁለት ድምጽ ይሰጣል፤ አንዱን ለዕጩ፣ ሌላውን ለፓርቲ። ማካካሻው የሚሠራው ለፓርቲው በተሰጠው ድምጽ ከሚገባው መቀመጫ ላይ በምርጫ ክልል ያሸነፈውን በመቀነስ ነው። ቀዳዳውም እዚያው ነበር። በ2007 ትልልቆቹ ፓርቲዎች ከትንንሾች ጋር ተስማሙ፦ በምርጫ ክልል እኛን ምረጡ፣ የፓርቲ ድምጻችሁን ግን ለአጋራችን ስጡ አሉ። የአጋሩ ዝርዝር በክልል ያሸነፈው ስለሌለ ከእሱ የሚቀነስ አልነበረም፤ የገዢው ፓርቲ አጋር ብቻ 21 የማካካሻ መቀመጫ አገኘ። ለ2012ቱ ምርጫ ሕጉ ተጠገነ፦ መራጩ አንድ ድምጽ ብቻ ይሰጣል፣ እሱም ለዕጩውም ለፓርቲውም ይቆጠራል። ስለዚህ ረቂቅ ስታነቡ በአእምሯችሁ ተንኮለኛ ሁኑ፤ ይህን ሕግ ሳልጥስ እንዴት ላታልለው እችላለሁ እያላችሁ አንቀጹን ተከተሉት።

ሕጉ የተቀመጠበትም ቦታ ቁም ነገር ነው። ፈረንሳይ ያን ያህል የተመላለሰችው ለውጡ በተራ ሕግ ስለሚያልቅ ነው። በአየርላንድ ሥርዓቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ በመሆኑ መንግሥት በ1959ም በ1968ም ሊቀይረው ሞክሮ ሕዝቡ በሕዝበ ውሳኔ ከልክሎታል። የኢትዮጵያም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 አብላጫ ድምጽ ያገኘ ያሸንፋል ይላል፤ እንዲህ ባለበት የሥርዓት ለውጥ ጥያቄ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጥያቄ ነው።

ስለ ጊዜው ሁለት መለኪያ ያዙ። በሕገ መንግሥት ጉዳይ የሚያማክረው የአውሮፓ ምክር ቤት የቬኒስ ኮሚሽን በ2002 ባወጣው መመሪያ የምርጫ ሥርዓቱ፣ የምርጫ ኮሚሽን አባላት ስብጥርና የምርጫ ክልሎች ወሰን ለምርጫው ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ሲቀር መነካት የለባቸውም ይላል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ኤኮዋስ በ2001 ፕሮቶኮሉ ያስቀመጠው ስድስት ወር ነው፤ በዚያ ውስጥ መሠረታዊ ለውጥ የሚፈቀደው አብዛኛው የፖለቲካ ተዋናይ ሲስማማ ነው። ይህ ለይስሙላ የተጻፈ አይደለም። የዕጩዎች አቤቱታ ሳያልቅ የድምጽ መስጫ ወረቀት አይታተምም፤ ወረቀቱ መልኩ ሳይታወቅ አስፈጻሚ አይሠለጥንም፣ መራጭም አይማርም። አንዱ ሲዘገይ የሚጎዳው የመጨረሻው ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ሁልጊዜ የመራጮች ትምህርት ነው።

ወረቀቱን ራሱንም አትናቁት። በ2007 ስኮትላንድ ቀድሞ ለየብቻ የነበሩትን ሁለት የምክር ቤት ድምጾች በአንድ ወረቀት አጣመረች፤ በዚያው ቀን የአካባቢ ምርጫው በቁጥር ቅደም ተከተል የሚሞላ አዲስ ዓይነት ሆነ። መራጩ አንዱን በምልክት፣ ሌላውን በቁጥር መሙላት ነበረበት። ብዙዎች በአንዱ ዓምድ ላይ ሁለት ምልክት አደረጉ፤ ከ140,000 በላይ የምክር ቤት ድምጽ ዋጋ አልባ ተብሎ ተጣለ። በእንግሊዝ ደግሞ በ2023ቱ የአካባቢ ምርጫ ፎቶ ያለው መታወቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ግዴታ ሲሆን 14,000 ያህል ሰው ጣቢያ ደርሶ ሳይመርጥ ተመለሰ። ይህ አስፈጻሚው ጠረጴዛ ላይ የተመዘገበው ነው፤ ከበሩ የተመለሰውን፣ ከቤቱም የቀረውን አይጨምርም። የታዛቢ ሪፖርት ስታነቡ ቁጥሩ የት ላይ እንደተቆጠረ መጠየቅ ልመዱ።

አዋጁ ከጸደቀ በኋላም ሥራው አላለቀም። «ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል» የሚሉትን አንቀጾች አስምሩባቸው፤ የትኛው ምልክት እንደሚቆጠር፣ የመራጮች ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ፣ የውጤት ቅጹ ቅጂ ለፓርቲ ወኪሎች ይሰጥ እንደሆነና በጣቢያው በር ይለጠፍ እንደሆነ የሚጻፈው እዚያ ነው። መመሪያው የወጣበትን ቀንና የምርጫውን ቀን ጎን ለጎን ጻፉ፤ በመካከላቸው ያሉት ሳምንታት ለሥልጠና ይበቁ እንደሆነ የምርጫ ቦርዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።