«አልተመለሰችም» የሚለው ዓምድ

ልጆቼ፣

በሴቶች ጤናና በመውለድ ጉዳይ ላይ ለመመራመር የተነሣችሁ ወጣት ሐኪሞች፣ አዋላጆች፣ ነርሶችና የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች፣ ይህን የምጽፍላችሁ አንድ የቆየ መዝገብ ፊቴ ዘርግቼ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፣ ቀለሙም ደብዝዟል። በማስመሪያ ያሰመርኳቸው ዓምዶች ግን አሁንም ይነበባሉ። የሴትዮዋ ዕድሜ፤ ልጅ ለማግኘት የሞከረችበት ጊዜ፤ እንቁላል እንዲያድግ የተሰጣት መድኃኒት፤ በመጨረሻም ውጤቱ። በውጤቱ ሥር የምንጽፈው ከሦስት ቃላት አንዱን ነበር፦ ጸነሰች፣ አልጸነሰችም፣ አልተመለሰችም።

ያን ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም ያልቆየሁ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበርኩ። ሪፖርቱን ስናዘጋጅ «አልተመለሰችም» የተባሉትን ሴቶች ከስሌቱ አወጣናቸው። መጨረሻቸውን ስለማናውቅ አይቆጠሩም ብለን ነው፤ ላይ ላዩን ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። እስከ መጨረሻው ከተከታተሉት መካከል የጸነሱትን አሰላን። መቶኛው አምሮ ወጣ። «ጉልህ የጎንዮሽ ጉዳት አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመርንበት፣ በጉባኤ ላይ አቀረብኩት፣ ተጨበጨበልኝ።

ከዓመታት በኋላ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ለሌላ ሕመም ወደ እኔ መጣች። አጠገቧ አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ሕክምናውን ካቆመች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ያለ ምንም መድኃኒት የጸነሰቻት ልጅ ናት። በዚያው ምሽት መዝገቡን አውጥቼ ሌሎቹን መፈለግ ጀመርኩ። ሁሉንም አላገኘኋቸውም። ካገኘኋቸው መካከል እንደ መጀመሪያዋ በራሳቸው የወለዱ ነበሩ። ጸንሳ ያስወረዳትና ለእኛ መንገር የከበዳት ነበረች። አንዷ ደግሞ መርፌውን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ሆዷ በፈሳሽ ተወጥሮ፣ ትንፋሽ አጥሯት ሌላ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ወደ እኛ ያልተመለሰችው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ እርሷን ጭምር ይዘን «ጉዳት አልታየም» ብለናል። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ እንድረሳውም አልፈልግም።

እንግዲህ አንድ ጥናት እጃችሁ ሲገባ፣ የራሳችሁም ይሁን የሌላ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ የጀመሩት ስንት ናቸው? ያልጨረሱትስ የት ደረሱ?

በእኛ መስክ ይህ ጥያቄ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት መሠረት ከአዋቂዎች 17.5 በመቶው፣ ማለትም ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ፣ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ችግሩ ተለክቶ የሚታወቀው በጊዜ ነው፦ 12 ወራት ወይም ከዚያ በላይ ያለ መከላከያ ሞክሮ አለመጽነስ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ፈጽሞ የማይወልዱ ሳይሆኑ ጊዜ የሚወስድባቸው ናቸው። ስለዚህ የትኛውንም ነገር ብትሰጧቸው፣ ሥር ቀቅላችሁ እንኳ ብታጠጧቸው፣ የተወሰኑት ይጸንሳሉ። ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን የተሠራ ጥናት በዚህ መስክ ምንም አይነግራችሁም የምለው ለዚህ ነው። ያቺ ልጅ ሕክምናው ባይቋረጥ ኖሮ የመድኃኒታችን ፍሬ ተብላ ትመዘገብ ነበር።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚያታልል በምሳሌ ላሳያችሁ። 100 ሴቶች እንቁላልና የወንድ ዘር በላቦራቶሪ ተገናኝተው ጽንስ የሚፈጠርበትን ሕክምና (አይቪኤፍ) ጀመሩ እንበል። 85ቱ እንቁላል እስከ ማውጣት ደረሱ። 70ዎቹ ሽል ተቀመጠላቸው። 35ቱ የእርግዝና ምርመራቸው አዎንታዊ ሆነ። 26ቱ ሕያው ልጅ ወለዱ። አንድ ተቋም 35ን ለ70 አካፍሎ «ግማሹ ይሳካል» ብሎ ሊያስተዋውቅ ይችላል። ሐሰት አልተናገረም። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ግን የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ዛሬ ብጀምር ልጅ ታቅፌ የመመለስ ዕድሌ ስንት ነው? ለእርሷ መልሱ ከ100 26 ነው። የጥናታችሁ መነሻ የጀመሩት ሁሉ፣ መድረሻው ደግሞ ሕያው ልጅ ይሁን። የእርግዝና ምርመራ በሁለት ሳምንት ይታወቃል፣ ልደት ግን ዘጠኝ ወር ያስጠብቃል፤ ብዙ ተመራማሪ የመጀመሪያውን የሚመርጠው ስለሚቸኩል ነው። እናንተ ጠብቁ።

ከሥራ ዘመኔ በጣም ያስተማረኝ ነገር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን መጫር የሚባለው ሕክምና ነው። ሽል ከመቀመጡ በፊት በነበረው የወር አበባ ዑደት ሽፋኑን በቀጭን ቱቦ መጫር ጽንሱ እንዲጣበቅ ይረዳል ተባለ። መጀመሪያ የወጡት ጥናቶች ትንንሾች ነበሩ፤ ውጤታቸው ግን የሚያስደንቅ ነበር። ሕክምናው በብዙ አገሮች ተስፋፋ። ያማል፣ ያስከፍላል፣ ሴቶቹም ከተስፋ ብዛት ይቀበሉታል። ከዚያ 1,364 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከተጫሩት ሕያው ልጅ የወለዱት 26.1 በመቶ ነበሩ። ካልተጫሩትስ? 26.1 በመቶ። ያን ገጽ ባነበብኩበት ቀን በስንቶቹ ላይ እንዳደረግሁት ቆጠርኩ። ለየትኛዋም ክፉ አስቤ አልነበረም፤ ቢሆንም በከንቱ አሳምሜያቸዋለሁ።

ከዚህ የከፋም አለ። ዲኢኤስ የተባለው ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን (ኢስትሮጅን) እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ውርጃ ይከላከላል ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ከ1,600 በላይ ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት እንደማይጠቅም አሳየ። ሐኪሞች ግን ማዘዛቸውን አላቆሙም፤ «ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብ እስከ 1971 ድረስ አቆየው። በዚያ ዓመት ቦስተን ውስጥ አርተር ኸርብስትና ባልደረቦቹ በወጣት ሴቶች ብልት ላይ የታየ እጅግ ያልተለመደ ካንሰር አጠኑ። ታማሚዎቹ 8 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ ውስጥ የ7ቱ እናቶች በእርግዝና ጊዜ ዲኢኤስ ወስደዋል። ለማነጻጸሪያ ከተመረጡት 32 እናቶች አንዲትም አልወሰደችም። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ትንሽ ጥናት ሁሉ ደካማ አይደለም፤ በጥንቃቄ የተመረጠ ማነጻጸሪያ ካለው 8 ሰዎችም ዓለምን ያስጠነቅቃሉ። ከሁሉ በላይ እኔን የሚነካኝ ግን ስለ ጥያቄው አመጣጥ የሚነገረው ነው። የአንዷ ታማሚ እናት ናት ያኔ የወሰድኩት መድኃኒት ይሆን ወይ ብላ ሐኪሙን የጠየቀችው። ሐኪሙም አላሳቀቃትም፤ ሌሎቹንም እናቶች ጠየቀ።

ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በፖርቶ ሪኮ ሲሞከር ሥራውን በቦታው ትመራ የነበረችው ሐኪም ኤድሪስ ራይስ ሬይ ነበረች። ከሴቶቹ 17 በመቶው በማቅለሽለሽ፣ በማዞር፣ በራስ ምታትና በሆድ ሕመም እንደሚሠቃዩ፣ መድኃኒቱም የሚያስከትለው ጉዳት የበዛ መሆኑን ጽፋ አሳወቀች። ቅሬታው በአብዛኛው ከሴቶቹ ሐሳብ የመነጨ ነው ተባለ። በኋላ ግን በእንክብሉ ውስጥ የነበረው የሆርሞን መጠን ከሚያስፈልገው እጅግ የበለጠ እንደነበር ታወቀ፤ ዛሬ የሚሰጠው መጠን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ሴቶቹ እውነቱን ከላቦራቶሪው ቀድመው ተናግረው ነበር።

«ሐሳብ ነው» የሚለው ቃል ዛሬም አልሞተም። ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማለትም የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል አካል ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ፣ ለመውለድ በደረሱ ሴቶች መካከል 10 በመቶ ያህሉን፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን ይይዛል። ብዙዎቹ የበሽታውን ስም የሚሰሙት ለዓመታት ከተሠቃዩ በኋላ ነው። የወር አበባ ሕመም የሴት ዕጣ ነው እየተባለች አድጋ፣ ትምህርቷን እያቋረጠች፣ ሥራዋን እያጣች፣ በመጨረሻ ልጅ አልወልድ ስትል ነው በደንብ የምትመረመረው። ሕመሟ ብቻውን አልበቃንም ማለት ነው። በዚህ እበሳጫለሁ፣ አልሸሽገውም። ከእናንተ መካከል ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ወደዚህ ኑ፤ ያለ ቀዶ ሕክምና በሽታውን በጊዜ የሚለይ ቀላል ምርመራ ለብዙ ሴቶች የተቀማ ዕድሜ ይመልሳል።

ስለ ወንዶቹም አንድ ነገር። ልጅ በማጣት ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ከወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ ይገኛል። የወንድ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፣ አያምም። ሆኖም ሚስት ቱቦዋ በቀለም ተነፍቶ፣ ሆዷ ተከፍቶ ከታየ በኋላ ባል አንድም ጊዜ ሳይመረመር ያየኋቸውን ጥንዶች ቁጥር መናገር ያሳፍረኛል። በጥናት ቅጻችሁ ላይ የባልን ውጤት የሚጠይቅ መስመር ከሌለ ቅጹ አላለቀም።

የራሳችሁን ነገር የምትጨነቁ ወጣት ሴቶችም ይህን እንደምታነቡ አውቃለሁ። ኤኤምኤች የሚባለው የደም ምርመራ የቀረውን የእንቁላል ክምችት ይጠቁማል፤ ለአይቪኤፍ ሐኪም መድኃኒት ለመመጠን ይጠቅመዋል። የመውለድ ዕድልሽን ይነግርሻል ተብሎ ሲሸጥ ግን አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የመውለድ ችግር ታሪክ የሌለባቸውን ከ30 እስከ 44 ዓመት የሆኑ 750 ሴቶች ተከታትሎ፣ ኤኤምኤች ዝቅ ያለባቸው በተፈጥሮ የመጽነስ ዕድላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አላገኘውም። ዕድሜ ግን ይቆጠራል። ሴት ልጅ ስትወለድ በኦቫሪዋ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች አሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ይቀራሉ፤ በሕይወት ዘመኗ ለመጽነስ የሚለቀቁት ከ400 እስከ 500 ብቻ ናቸው። ይህን ማወቅ መብት ነው። በዚህ ማስፈራራት ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ፈቃድ ስጽፍ እጄ ይዘገያል። ልጅ የናፈቃት ሴት ለጠየቃችኋት ሁሉ እሺ ትላለች። እሺታዋ የእናንተን ጥናት የፈቀደ ላይሆን ይችላል፤ ለሚወለደው ልጅ የተባለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምታክማት ሐኪም ራሷ አትጠይቃት፣ ሌላ ሰው ያናግራት። ቅጹን ይዛ ወደ ቤቷ ትሂድ፣ አንድ ሌሊት ትደርበት። እንቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል ከአንድ ጊዜ በላይ ትስማ።

ይህን ስል ዘወትር የማስበው በእንግሊዟ ከተማ በኦልድሃም ስለታከሙት ሴቶች ነው። ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ከማህፀን ውጭ ተጸንሳ የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ እንደሆነች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ በዚሁ መንገድ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች ተወልደዋል። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ግን ተመራማሪው ሮበርት ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ጂን ፐርዲ የሞከሩላቸው ሴቶች 282 ነበሩ። ልጅ የታቀፉት ሁለት ናቸው። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነርስና የሽል ባለሙያ የነበረችው ፐርዲ በ39 ዓመቷ በ1985 አረፈች፤ መጀመሪያ በተተከለው የመታሰቢያ ሰሌዳ ላይ፣ ኤድዋርድስ ቢለምንም፣ ስሟ አልሰፈረም። ከ280ዎቹ የአብዛኞቹን ስም ደግሞ ዓለም አያውቀውም። ባዶ እጃቸውን የተመለሱት እነርሱ ናቸው ዘዴውን ያስተማሩት።

ከጡረታዬ በፊት በመጨረሻ የተሳተፍኩበት ጥናት አንድ ተጨማሪ መድኃኒት የመጽነስ ዕድልን ያሻሽል እንደሆነ የሚፈትን ነበር። አላሻሻለም። ውጤቱ ለኅትመት ሲላክ እኔ የተሳታፊዎቹን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። ከቀሩት ነበር የጀመርኩት። አንዲት ሴት ስሜን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በየትኛው ቡድን እንደነበረች ነገርኳት፤ መድኃኒቱ ለማንም እንዳልጠቀመ ነገርኳት። ከዚያ «ታዲያ ከእንግዲህ ለሌላ ሴት አይሰጥም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አይሰጥም» አልኳት።

ስለ ጤንነቷ ጠየቅኋት፤ የነገረችኝን በመዝገቡ ላይ ከስሟ ፊት ጻፍኩ። «አልተመለሰችም» የሚለውን ሰረዝኩና ወደ ቀጣዩዋ ደወልኩ።