የኮንፈረንስ ዋንጫ የወሰደውን ቡድን ልምረጥ ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ብራኬት ስሞላ የኮንፈረንሱን ቱርናመንት ያሸነፈውን ልምረጥ? የኔ ቡድን በግማሽ ፍጻሜ ወድቋል፣ ልሰርዘው?» የሚል ነው። ነገሩ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ነው፦ ብራኬት በማርች የሚካሄደውን ብሔራዊ ውድድር አሸናፊዎች አስቀድመን የምንገምትበት ሠንጠረዥ ነው፤ ኮንፈረንስ ደግሞ ኮሌጆቹ የተቧደኑበት ሊግ ነው፣ ከብሔራዊው ውድድር በፊት የራሱን ቱርናመንት ያካሂዳል። እኔ ለዓመታት ማርች በመጣ ቁጥር ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ብራኬት እሞላለሁ። ዋንጫውን ብቻ አይተህ አትምረጥ፣ ቡድንህንም አትሰርዘው።

በፈረንጆቹ ከ2015 እስከ 2025 ያለውን የወንዶች ብሔራዊ ውድድር ተመልከት። 2020 በኮቪድ ስለተሰረዘ 10 ጊዜ ዋንጫ ተነስቷል። በዚያው ዓመት የኮንፈረንሱንም ቱርናመንት ያሸነፉት ሻምፒዮኖች 4 ናቸው፦ ቪላኖቫ በ2018፣ ካንሳስ በ2022፣ ዩኮን በ2024፣ ፍሎሪዳ በ2025። የቀሩት 6ቱ በኮንፈረንሳቸው ተሸንፈው ነው የመጡት።

ከሁሉ የሚገርመኝ 2021 ነው። ቤይለር ቢግ 12 በሚባለው ኮንፈረንሱ ግማሽ ፍጻሜ በኦክላሆማ ስቴት 83 ለ 74 ተሸነፈ። የኮንፈረንሱን ዋንጫ ቴክሳስ ወሰደ። ብዙ ሰው በብራኬቱ ቴክሳስን ሩቅ ድረስ አስኬደው። ምን ሆነ? ቴክሳስ በብሔራዊው ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታው በአቢሊን ክርስቲያን 53 ለ 52 ተሸንፎ ወደ ቤቱ ገባ። ኳሱን 23 ጊዜ አስነጥቆ! ቤይለር ግን እስከ ፍጻሜው ሄዶ፣ እስከዚያ ቀን አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን ጎንዛጋን 86 ለ 70 ረታ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠንካራ ቡድን በብሔራዊው ውድድር ቦታው አስቀድሞ የተረጋገጠ ስለሆነ በኮንፈረንሱ ቱርናመንት የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው። ደካማው ደግሞ ካላሸነፈ ዓመቱ ያከትምለታል፣ ስለዚህ የሞት ሽረት ይጫወታል። ኖርዝ ካሮላይና ስቴት በ2024 በ5 ቀን 5 ጨዋታ አሸንፎ ኤሲሲ የሚባለውን ኮንፈረንስ ዋንጫ ያነሳው እንዲህ ነው። በብሔራዊው ውድድር እስከ ፋይናል ፎር (ግማሽ ፍጻሜ) ደረሰ፣ እዚያ ፐርዱ አስቆመው። በዚህ መንገድ መጥቶ እስከ መጨረሻው የዘለቀው የ2011ዱ ዩኮን ነው፤ ኬምባ ዎከር የመራው። ሰው እሱን እያስታወሰ በየዓመቱ ሁለተኛ ዩኮን ይፈልጋል። እኔ አልፈልግም።

ከኮንፈረንሱ ቱርናመንት የምወስደው አንድ ምልክት ግን አለ። ተሸንፈው ከመጡት ከ6ቱ ሻምፒዮኖች መካከል በመጀመሪያ ጨዋታው የወደቀ የለም። ሁሉም ቢያንስ አንድ አሸንፈዋል። ስለዚህ ገና ሲጀምር የተባረረ ቡድን ሻምፒዮን ይሆናል ብዬ አልጽፍም።

የተሸነፈበትን ምክንያትም እይ። በ2009 ኖርዝ ካሮላይና በኤሲሲ ግማሽ ፍጻሜ በፍሎሪዳ ስቴት ሲሸነፍ ታይ ላውሰን የእግር ጣቱን ተጎድቶ አልተሰለፈም። ሲመለስ ቡድኑ ሻምፒዮን ሆነ።

ከኮንፈረንሱ ዋንጫ ይልቅ ክብደት የምሰጠው ለሙሉው የውድድር ዓመት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኬን ፖምሮይ የሚያወጣውን ደረጃ አያለሁ፤ ቡድኑ በ100 ማጥቃት ስንት ነጥብ እንደሚያገባና ስንት እንደሚገባበት፣ የተጋጣሚውን ጥንካሬ ጨምሮ ያሰላል። ሲዱንም አያለሁ፤ ይህ ለብሔራዊው ውድድር ለቡድኑ የሚሰጠው የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር ነው፣ 1 ከሁሉ የጠነከረው። ከ10ሩ ሻምፒዮኖች 9ኙ ሲድ 1 ወይም 2 ነበሩ። የ2023ቱ ዩኮን ብቻ 4 ነበር፣ እሱም በቢግ ኢስት ግማሽ ፍጻሜ በማርኬት ተሸንፎ ነው የመጣው።

የቡድንህን ሲድ አልጻፍክም። 1 ወይም 2 ከሆነ በድፍረት አስኬደው። ብቻ የመጀመሪያው ዙር በሚጀምርበት ሐሙስ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የጉዳት ዜና አይተህ ብራኬትህን አስገባ፤ ከዚያ በኋላ መቀየር አይቻልም።