ካርቶኑ ላይ 100 ሜትር የተባለው ሴንሰር 25 ሜትር ላይ ለምን ይጠፋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሰርቪስ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሰቀልከው የአየር ሁኔታ ሴንሰር ቀን እየሠራ፣ ማታ ሳሎን ያለው ስክሪን ለምን ሰረዝ ብቻ ያሳያል ነው። ቀን ከሠራ ርቀቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ሲግናሉ ቀንም በጭንቅ ነው የሚደርሰው፤ ማታ ትንሽ ነገር ሲጨመርበት ያልቃል።

100 ሜትር የሚባለው ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ ነው። ግድግዳ ከገባበት 30 ሜትር ካገኘህ ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን አጣራ። ሶላር ያለው ሴንሰር ቀን በፀሐይ ይሠራል፣ ማታ ግን ወደ ባትሪው ይዞራል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ራሱ ከተመለሰ፣ ባትሪው ሳያልቅ አይቀርም። 1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋይ ክተትበት፤ ብርድ ይችላል። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። መጠኑ ተመሳሳይ የሆነ 3.7 ቮልት ሊቲየምም ገበያ ላይ አለ፤ እሱን ከከተትክ ሴንሰሩን ታቃጥለዋለህ።

ባትሪው ደህና ከሆነ ቲቪውንና የኤልኢዲ አምፖሎቹን ለአሥር ደቂቃ አጥፋ። ርካሽ አምፖልና ቻርጀር የሬዲዮ ረብሻ ይረጫል። ቁጥሩ ከተመለሰ ስክሪኑን ከቲቪውና ከዋይፋዩ ሁለት ሜትር አርቀው። አንዳንዱ ስክሪን ሲግናል ካጣ በኋላ መፈለግ ስለሚያቆም፣ የፍለጋ ቁልፉን ሳትጫን «አልሠራም» አትበል።

ዋናው ጠላትህ ግን ቆርቆሮው ነው። ብሎኬት ሲግናሉን ያዳክመዋል እንጂ ያሳልፈዋል፤ ቆርቆሮ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ፌሮ የበዛበት ሶሌታና የብረት በርም ከዚያ ብዙ አይሻሉም። ከስክሪኑ እስከ ሴንሰሩ ሲባጎ ቢወጠር በምን በኩል እንደሚያልፍ አስብ። ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ ሴንሰሩን ወደ ሳሎኑ መስኮት በሚያየው ጠርዝ አምጣና በምሰሶ ከፍ አድርገው፤ አንቴናው ያለበት ጎን ምሰሶውን አይንካ።

ስክሪኑንም ከ20 እስከ 30 ሳንቲም ወዲህ ወዲያ አድርገህ ሞክር። ከግድግዳና ከብረት የነጠረው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ተገናኝቶ አንዱ ቦታ ላይ ይጠፋፋል፣ ትንሽ አለፍ ሲል ደግሞ ይደጋገፋል። ብዙ እንዲህ ያለ ሴንሰር የሚልክበት የ433 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 69 ሳንቲም ያህል ስለሆነ ይቺ ታህል መነቅነቅ ለውጥ ታመጣለች። ሴንሰሩ ደረሰልኝ አልደረሰልኝ ብሎ አይጠይቅም፣ ልኮ ዝም ነው፤ ስለዚህ ባንቀሳቀስከው ቁጥር አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቅ።

ተቀያሪ ሴንሰር ከውጭ የምታስመጣ ከሆነ ፍሪኩዌንሲውን ከስክሪኑ ጀርባ አንብብ። ለአሜሪካ የተሠራው 915 ሜጋኸርዝ፣ ለአውሮፓ የተሠራው 868 ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡም አይግባቡም።