ቅዳሜ የተገዛ ሰላጣ እስከ ዓርብ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የድሮ ችግር ትዝ አለኝ። «ቅዳሜ የገዛሁት ሰላጣ ለረቡዕ ጾም ሳይደርስ ይበሰብስብኛል። በደንብ አጥቤ ፍሪጅ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ምን እያጠፋሁ ነው?» ብለሻል። መልሱ «አጥቤ» ያልሽው ላይ ነው።

እኔም ለዓመታት እንደዚያ አደርግ ነበር። ከገበያ እንደተመለስኩ ሁሉንም አጥባለሁ። ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ፌስታል ውስጥ እከተውና አፉን ጥብቅ አድርጌ አስራለሁ። ማክሰኞ ስከፍተው ከታች ያለው ቅጠል ዝልግልግ ብሎ፣ ሽታውም ተቀይሮ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ይህንን ለደንበኛዬ ለአትክልት ሻጯ ነገርኳት። «እኛ ውኃ የምንረጨው ፀሐዩን ችሎ በዕለቱ እንዲሸጥልን ነው። አንቺ ቤት ስትገቢ አራግፊው እንጂ ሌላ ውኃ አትጨምሪበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሰላጣ ከ100 እጅ 95ቱ ውኃ ነው። ያ ውኃ ከውስጡ ሲያልቅ ይጠወልጋል። ከላዩ ላይ ውኃ ሲተኛበት ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዙሪያው ረጠብ ያለ፣ ቅጠሉ ግን ደረቅ እንዲሆን ነው የምንፈልገው።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከተቻለ ከነሥሩ ያለውን እመርጣለሁ። ቤት ስገባ አፈሩን አራግፋለሁ፣ የተቀጠቀጠና ቢጫ የሆነ ቅጠል ካለ አውጥቼ እጥላለሁ፤ አንድ የበሰበሰ ቅጠል ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሳላጥበው፣ ሳልከትፈው፣ ባረጀ ንጹሕ ነጠላ ቅዳጅ እጠቀልለዋለሁ። ነጠላ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ትርፉን ውኃ ይመጥጣል፣ ስስ ስለሆነም ቅጠሉን አይጫነውም። ነጠላ ከሌለሽ የወጥ ቤት ሶፍት ይሆናል። ጥቅልሉን ፌስታል ውስጥ አስገባና አፉን ሳላስር አጠፍ አደርገዋለሁ። በየሁለት ቀኑ ጨርቁን ነካ አድርጊው። ከራሰ ቀይሪው። በዚህ ዓይነት ቅዳሜ የገዛሁት ዓርብ ድረስ ጥርስ ላይ ቅርጭ ይላል።

ጠዋት ጊዜ የለኝም፣ የታጠበ ነው የምፈልገው ካልሽም ይቻላል። ግን ማድረቁ ላይ አትቸኩዪ። ቅጠሉን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተሽ ሰፌድ ላይ ተዪው፤ ወይም ጨርቁን አራቱን ጫፍ ይዘሽ ደጅ ወጥተሽ አወዛውዢው። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከላይም ከታችም ሶፍት አድርጊለት። ይህኛው 3 ወይም 4 ቀን ቢቆይ ነው።

ፍሪጁ ውስጥ የታችኛው መሳቢያ ነው ቦታው። ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይስማማዋል። የኋለኛው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን በረዶ ይነካውና ቅጠሉ መስታወት መስሎ ይሟሟል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ከሙዝ፣ ከአቮካዶ፣ ከማንጎና ከአፕል አርቂው። እነሱ ሲበስሉ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ሰላጣው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ የሚያወጣው እሱ ነው። ቆስጣንም ጎመንንም እንደዚሁ ያዢ። ጥቅል ጎመን ብቻ ነው ብዙ የማያስቸግርሽ፤ ለሳምንታት ይቆያል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቺ። ተዘግቶ ከቆየ ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ የሌላችሁ ደግሞ ሰላጣውን ከነሥሩ ጥቂት ውኃ ያለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት፤ ሥሩ ብቻ ውኃ ይንካ። ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ አስቀምጣችሁ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ተከራይቼ ስኖር 2 ቀን አቆይቼበታለሁ።

ስለ ማጠቡ ግን አደራ። «ካልታጠበ ይቆያል» ማለቴ ሳይታጠብ ይበላል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሰላጣ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የከተማውን ፍሳሽ ይቀበላል። ስለዚህ ልትበዪ ስትዪ ቅጠል በቅጠል ነጥለሽ፣ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ፊትና ጀርባውን በጣትሽ እያሸሽ እጠቢ። አፈር የሚደበቀው ወደ ግንዱ በኩል፣ ነጩ ላይ ነው። አቼቶ ውስጥ ስለዘፈዘፍኩት አሜባና ጃርዲያ ሞቷል ብለሽ አትተማመኚ። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት እኔ ብሆን የበሰለ ቆስጣ ነው የማቀርበው።

ጨውና ሎሚውን ማዕድ ሲቀርብ ብቻ ጨምሪ። ጨው ከቅጠሉ ውኃ ስለሚስብ ቀድመሽ ካደረግሽው ገበታው ሳይነሣ ይተኛል።

የጠወለገውን ደግሞ ለመጣል አትቸኩዪ። የግንዱን ጫፍ ቁረጭና በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አቆዪው፤ ተመልሶ ቀጥ ይላል። የተዝለገለገውንና የሸተተውን ግን ምንም አያድነውም፣ ጣዪው። ነገ ቅዳሜ ነውና በዚህኛው ሞክሪና ረቡዕ እንዴት እንደሆነልሽ ንገሪን።